በትጋት ውስጥ ስለተደበቀ ስንፍና

አንድ ሰው ጠንክሮ እየሠራ ሰነፍ ሊሆን ይችላል ወይ? ጥያቄው ሲሰሙት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ሰነፍ የምንለው የማይሠራውን ነው፤ የሚሠራውን ደግሞ ትጉህ እንለዋለን፤ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ሰው የለም ይባል ይሆናል። እኛ ግን ይህ ሦስተኛ ሰው አለ፣ እንዲያውም ከሁለቱ ይልቅ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው እንላለን። ላቡ ይንጠባጠባል፤ ሰዓቱን አያጓድልም፤ ማታ ደክሞት ይተኛል። ከባዱን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። ይህን ሰው በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው አስበናል። የምንመረምርበት ቦታ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ነው።

እንዴ፣ ጎልፍ! የሚል ይኖራል። አምሳ ሄክታር ገደማ መሬት አጥሮ፣ ሣር አጠጥቶ፣ አንዲት ትንሽ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ለማስገባት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለ መሬቱና ስለ ውሃው ሌላ ሰው ቢጽፍ እኛም እናነባለን። ጎልፍን የመረጥነው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በዚህ ጨዋታ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች። የሚነጥቅ፣ የሚጠልፍ ባላጋራ የለም። በእግር ኳስ የተሸነፈ ሰው ዳኛውን ያማል፤ በረኛውን ያማል፤ ጭቃውን ያማል። የጎልፍ ተጫዋች ግን መቺውም እሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛውም እሱ ነው። ጥፋት መጠጊያ ያጣል። ለሥነ ምግባር ጥያቄ ከዚህ የጠራ ቤተ ሙከራ ማግኘት ይቸግራል።

ደግሞስ ሜዳው የባለጠጋ ቢሆንም ጨዋታውን ከፍ ያደረጉት ሁሉ ከባለጠጋ ቤት አልወጡም። ቤን ሆጋን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ገና በዘጠኝ ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ ጋዜጣ እየሸጠ፣ ቆየት ብሎም የሀብታሞችን ዱላ እየተሸከመ አደገ። በጎልፍ ታሪክ ውስጥ ልምምድ ሲነሣ ስሙ ሳይነሣ የማይቀር ሰው ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቁጥሮች እንስጥ። ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ጎልማሳ እጁን አስገብቶ ኳሷን የሚያወጣበት ያህል ብቻ። ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጡ ዱላዎች ይይዛል፤ ሩቅ የሚመታበት ረጅሙ ድራይቨር፣ በመካከል ያሉት ብረቶች፣ ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ ኳሷን የሚያንከባልልበት ፓተር። ብዙ ሜዳዎች ለጥሩ ተጫዋች 72 ምት ይተምናሉ። በዚህ ትመና ውስጥ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት የፓተር ምት ተይዟል። ሠላሳ ስድስት ሆነ፤ ልክ ግማሹ። ድራይቨሩ ግን በአንድ ጨዋታ ቢበዛ 14 ጊዜ ያህል ነው የሚመዘዘው። ጨዋታው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አንድ ምት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው መራመድና ማሰብ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይባልልን። በዚህ ጨዋታ ሁለት ምት አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዴ ኳሷ ከተዳፋት ላይ ናት፤ አንዴ በረጅም ሣር ተውጣለች፤ አንዴ አሸዋ ውስጥ ናት፤ ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ደግሞ ይዞርና ከጎን ይመጣል። እያንዳንዷ ምት አንድ ጊዜ ብቻ ትመታለች። «ቆይ ልድገማት» አይባልም።

አሁን ወደ መለማመጃው እንሂድ። ሰውየው ከሥራ በኋላ ይመጣል፤ ባልዲ ሙሉ ኳስ ይገዛል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ከእግሩ ሥር ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎለታል። ድራይቨሩን ይመዛል፤ በጣም የሚያስደስተው እሱ ነውና። አንደኛዋ ኳስ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ሁለተኛዋም። በአራተኛዋ ላይ እጁን ትንሽ ያስተካክላል። አምስተኛዋ ከአራተኛዋ ትሻላለች፤ ሃያኛዋ ቀጥ ብላ ትበራለች፤ ከሠላሳ በኋላ «አሁን ገባኝ!» ይላል። ሃምሳውን ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰው ይህን አይቶ ሰነፍ ነው ሊለው አይችልም።

ቅዳሜ ወደ ትክክለኛው ሜዳ ይወጣል። አንደኛዋ ኳስ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ያኔ ጎልፍ የሚጫወት ሁሉ፣ በየትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ የሚላትን ይላል፤ «መለማመጃው ላይ እኮ እንዲህ አልነበርኩም! ምን ነካኝ?»

ምንም አልነካውም። መለማመጃው ላይም አንደኛዋ ኳስ ወደ ቀኝ ሄዳ ነበር፤ ረስቷት ነው እንጂ። ሰውየው ማክሰኞ ዕለት ሃምሳ ጊዜ መታ እንላለን፤ እውነቱ ግን ጥያቄውን የፈታው አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። የቀሩት መልሱን መገልበጥ ናቸው። ይህችን መጽሔት የምታባዙ ጓደኞቻችን ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ስቴንስሉ የሚጻፈው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማዞር ብቻ ነው። ሁለት መቶ ቅጂ ያወጣ ሰው እጁ ይዝላል፤ ቀለሙ ልብሱን ያበላሸዋል፤ ሁለት መቶ ጽሑፍ ጻፈ ግን አይባልም። ሜዳ ላይ የምትቆጠረው ደግሞ ያች አንደኛዋ ኳስ ብቻ ናት። ሁለተኛ ስቴንስል አይሰጥም።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ አስተማሯቸው። ሥራው ቀላል ነው፤ የቴኒስ ኳስ ይዞ ትናንሽ ማገጃዎችን በታዘዘው ቅደም ተከተል ቶሎ ቶሎ መጣል። አንደኞቹ ተማሪዎች የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ደጋግመው ጨርሰው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው አለፉ። ሌሎቹ ሦስቱንም እያደባለቁ፣ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ሳያውቁ ተለማመዱ። በልምምዱ ሰዓት አንደኞቹ ፈጣኖች ሆኑ፤ ሌሎቹ ይደናበሩ ነበር። ከ10 ደቂቃና ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የተደናበሩት በለጡ።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2001 ሳይመን እና ቢዮርክ ተመሳሳይ ሙከራ ሠርተው አንድ ጥያቄ ጨመሩበት፤ «ነገ ብትፈተን ምን ያህል የምትሠራ ይመስልሃል?» አንዱን ደጋግመው የተለማመዱት ጥሩ እንሠራለን ብለው ተማምነው መለሱ። እያደባለቁ የተለማመዱት ግን ስለ ራሳቸው እምብዛም አልተማመኑም። በማግስቱ ውጤቱ ሲታይ የተማመኑት ወድቀው፣ ያልተማመኑት ልቀው ተገኙ። እንግዲህ ሰውየው ትምህርቱ መቅረቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ እንደተማረ የሚነግረው ስሜት ራሱ ውሸታም ነው። ደስ ያለው ቀን ያልተማረበት ቀን ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እውነተኛ ሜዳ ላይ ሲታይ ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይጎላም። ገና ዱላውን መያዝ የማያውቅ ጀማሪን ደግሞ ዱላ እየቀያየሩ ቢያዋክቡት ግራ ይጋባል እንጂ አይማርም። እኛ የምንናገረው ስለ ጀማሪው አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ጀማሪ ስለሆነው ሰው ነው።

እስካሁን ስለ ልምምድ ስልት ያወራን ይመስላል፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የታለ? እዚህ ላይ ነው። አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅ ሥራ በመሥራት፣ ደፋርም የሚሆነው ድፍረትን በመፈጸም ነው ሲል የሙያን ምሳሌ ያመጣል፤ ክራር መቺ የሚሆነው ክራር በመምታት ነው ይላል። ይህን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ሰምተነዋል፤ ደጋግመንም እንጠቅሰዋለን። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ተከታዩ ሐሳብ ነው። ጥሩውም ክራር መቺ መጥፎውም ክራር መቺ የሚወጡት ከዚያው ከመምታት ነው፤ ባይሆንማ ኖሮ አስተማሪ ባላስፈለገ ነበር ይላል ፈላስፋው። ማለትም መደጋገም በራሱ ወደየትም ሊወስድ ይችላል። መጥፎነትም ተለማምደው የሚደርሱበት ሙያ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአገራችንን ብሂል የምንወደውን ያህል አንድ ነገር ልንጨምርበት እንፈልጋለን፤ ያልታቀፈ እንቁላል የቱንም ያህል ቀን ቢቆይ ይገማል እንጂ አይሄድም።

ታዲያ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ወይስ ያልታደለ? «አላወቀም፤ ማን ነግሮት?» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለጀመረ ሰው ይህ ምክንያት ይበቃል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየወደቀ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ያንኑ ባልዲ የሚገዛ ሰው ምንም አያውቅም ለማለት ይከብዳል። አንድ ነገር ያውቃል። ከሩቅ ቆሞ መምታት እንደሚያስደስተው፣ የአንድ ሜትር ተኩልዋ የፓተር ምት ግን ሆዱን እንደምታላውሰው ያውቃል። ስለዚህ ወደ እሷ አይሄድም። አሸዋው ውስጥ አይገባም። በትጋቱ ከድካም አይሸሽም፤ የሚሸሸው ከኀፍረት ነው። እኛ ስንፍና የምንለው ይህንን ነው። ሰነፍ ሰው ሥራ ይፈራል ሲባል ኖረናል፤ ይኼኛው ግን ሥራ አይፈራም፤ ውጤቱን ማየት ይፈራል።

ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው ለራሱም ግዴታ አለበት ይላል። ተሰጥኦውን ማልማት አንዱ ግዴታ ነው፤ ራሱን አለመዋሸት ሌላው ነው። የእኛ ሰው የመጀመሪያውን ግዴታ ልብስ ለብሶ ሁለተኛውን ይጥሳል። ራስን መዋሸት እንዴት ይቻላል? የሚዋሸውም የሚዋሸለትም አንድ ሰው ከሆነ፣ እውነቱን እያወቁ አለማወቅ እንዴት ይሆናል? ፈላስፎች በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። መለማመጃው ሜዳ ግን መልሱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ይመስለናል። ሰውየው ለራሱ አንድም የውሸት ቃል አይናገርም። ምስክሩ እንዳይቀርብ ብቻ ያደርጋል። ኳሶቹን አይቆጥርም፤ ዒላማ አይመርጥም፤ ስለዚህ የሳተው ነገር የለም። ብዙዎች ያላቸውን አንድ ልማድ እንይ። ባልዲው ሊያልቅ ሲል «በጥሩ ምት ልጨርስ» ይላሉ፤ ጥሩዋ እስክትመጣ ይመታሉ፤ ስትመጣ ዱላውን ከተው ይሄዳሉ። ልማዱ ንጹሕ ይመስላል፤ ማንንም አይጎዳም። ለእኛ ግን ከሃምሳ ምስክር መካከል ደስ ያለችውን አንዷን መርጦ ሌሎቹን ከችሎት ማስወጣት ነው።

በውድድር ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይቻልም። በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ በረጅሙ ሣር ውስጥ ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ቅንጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ራሱ ሄዶ ተናገረ፤ አንድ ምት ተቆጠረበት። በመጨረሻው ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ እንደገና ተጫወቱ፤ አሁንም እኩል ሆኑ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጫወቱ ጆንስ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያች አንድ ምት ባትቆጠርበት ኖሮ ሻምፒዮናው የእሱ ነበር። ጎልፍ ተጫዋቾች ይህን ታሪክ በኩራት ይተርኩታል፤ ይገባቸዋልም። የሚደንቀን ግን በውድድር አንዲትን ምት የሚያስቆጥር ሐቀኛ ሰው፣ ልምምድ ላይ ሃምሳውን ሳይቆጥር መሄዱ ነው። በውድድር ብንዋሽ ሌላውን ሰው እንሰርቃለን፤ በልምምድ ብንዋሽ የሚሰረቀው ራሳችን ስለሆንን ነገሩ ቀላል ይመስለናል።

«ኧረ ተዉት ሰውየውን! ቀኑን ሙሉ ቢሮ ታፍኖ ውሎ ማታ ኳስ እየመታ ልቡን ቢያሳርፍ ምን አለበት?» የሚል ተቃውሞ ከጓደኞቻችን ተነሥቶብናል። ምንም የለበትም። ይምታ፤ ይደሰት። የምንከራከረው ያ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀምጦ «እኔ እንኳን ተፈጥሮ ነፍጋኛለች፤ ሞክሬ ሞክሬ አልሆነልኝም» ሲል ነው። ይህ ፍርድ ከባድ ፍርድ ነው። በገዛ አእምሮው ላይ፣ በገዛ እጁ ላይ የፈረደው በሐሰት ማስረጃ ነው። ስንት ሰው በሒሳብ፣ በቋንቋ፣ በሙዚቃ እንዲህ ብሎ በራሱ ላይ ፈርዶ በሩን ዘግቷል! አንድ ማስታወሻ ደብተር ሦስት ጊዜ በቀለም እያሰመረ የሚያነብ፣ ደብተሩን ዘግቶ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን የማይጠይቅ ተማሪ በየመኝታ ክፍሉ አለ።

ጎልፍ ላይ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። መኪና መንዳት የሚማር ሰው በተተከሉት ዘንጎች መካከል ወደ ኋላ መግባትን እየደጋገመ ይለማመዳል፤ የትኛው ዘንግ በመስታወቱ ጠርዝ ሲታይ መሪውን እንደሚያዞር በቃሉ ይይዛል፤ አንዴም አይነካም። ከዚያ ፈቃዱን ይዞ መርካቶ ይገባል። መርካቶ ዘንግ አልተተከለም። እዚያ ያለው ተሸካሚው ነው፤ ጋሪው ነው፤ የእናቱን እጅ ለቆ የሚሮጠው ሕፃን ነው። የዚህ ሰው ልምምድ የራሱ ጉዳይ ነው ሊባል ነው?

የአገራችን የቀድሞ ትምህርት ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የሚደግም ልጅ ሥራው መደጋገም ነው፤ ቃሉ አንድ ነውና፤ ዛሬም ነገም ያው እንዲሆን ይፈለጋል። ያው ልጅ አድጎ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይለወጣል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ልኩና ዜማው የታወቀ ነው፤ ነገሩ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት፣ በጓደኞቹ መካከል ይናገራል። ትናንት የተመሰገነባትን ዛሬ ደግሞ ይዟት ቢቀርብ ይሳቅበታል። የሚለማመደው አንድን ቅኔ አይደለም፤ ላልመጣ ነገር መልስ መስጠትን ነው። ጎልፍ ከሁለቱ ቤት የትኛውን ይመስላል ብንባል ያለጥርጥር ቅኔ ቤትን እንላለን። ባለ ባልዲው ሰውዬ ዳዊት ሲደግም ሰንብቶ ቅዳሜ ቅኔ የሚጠየቅ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ይለማመድ? እስቲ ያንኑ ሰው አርባ ኳስ ብቻ ሰጥተን እንመልሰው። አንደኛዋን ከመምታቱ በፊት የሚያውቀውን ሜዳ በሐሳቡ ይዘርጋ፤ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ነው ያለው፤ ከሩቅ በሚታዩት በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ አለበት። ድራይቨሩን ይምዘዝ፤ ከኋላ ቆሞ ይይ፤ አንድ ጊዜ ይምታ። ወደ ቀኝ ሄደች? እንግዲያው እዚያ ዛፍ አለ፤ ቀጣይዋ ምት በአጭር ብረት፣ ዝቅ ብላ የምትሄድ መሆን አለባት። ድራይቨሩን ከረጢት ይክተት። «ቆይ ያችን ላስተካክላት» ብሎ እጁ ሲበላው፣ ያች እከክ ናት ልምምዱን የምትበላው። በሁለት ምት መካከል ትንሽ ይራመድ፤ ትንፋሹን ይሰብስብ፤ ሜዳ ላይም እንደዚያ ነውና። በወረቀት ላይ ዒላማውን መታ ወይስ ሳተ ብቻ ይጻፍ። አርባ ኳስ በዚህ ዓይነት ሃምሳ ኳስ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ይፈጃል፤ ውጤቱም ያሳፍራል። አሥራ ስምንት መታ፣ ሃያ ሁለት ሳተ። ደህና፤ ቢያንስ አሁን የሚታወቅ ነገር አለ።

ከዚያ ፓተሩን ይዞ ወደ አጭሩ ሣር ይሂድ። ሰዎች እዚህ ሦስት ኳስ ጥለው ከአንድ ቦታ ሦስቴ ይመታሉ፤ አንደኛዋ መንገዱን ታሳያለች፤ ሦስተኛዋ ትገባለች፤ «ገባች!» ይባላል። አንድ ኳስ ብቻ ይያዝ። ከሰባት እርምጃ ይምታ፤ ካልገባች ሄዶ እስክትገባ ይጨርሳት፤ ቦታ ይቀይር። ያች የሚፈራት የአንድ ሜትር ተኩል ምት ሳይጠራት ትመጣለች፤ ሁልጊዜም አንዴ ብቻ ትመታለች። አሸዋው ላይ ኳሷን በጀርባው በኩል ይወርውራትና ከወደቀችበት ይምታት፤ የሰው ኮቴ ውስጥ ብትወድቅም። ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ምት የቱንም ያህል ብታስጠላ ዕቃውን ሰብስቦ ይሂድ።

አሁን ወደ ሆጋን እንመለስ፤ ምክንያቱም ተቃዋሚዎቻችን የሚጠቅሱት እሱን ነው። «ሆጋን እጁ እስኪቆስል ኳስ ሲመታ አልኖረም ወይ? መደጋገም ካልጠቀመ እሱ እንዴት ሆነለት?» ይላሉ። ሆጋን ብዙ መምታቱ እውነት ነው፤ በልጅነቱ ባለሙያ ሆኖ ጀምሮ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ግን በ1946፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ኳሱ ወደ ግራ እየተጠማዘዘች ታስቸግረው ነበር። ድግግሞሹ ምርመራ ነበር ማለት ነው፤ አንዱን ነገር ይሞክራል፤ ያያል፤ ይጥላል፤ ሌላውን ይሞክራል። በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በሜሪየን የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። የልምምዱን ዓይነት የሚያሳየን ግን ከሁሉ ይልቅ 1953 ነው። በስኮትላንድ ካርኑስቲ ለሚደረገው ለብሪታንያ ኦፕን ቀደም ብሎ ሄደ። ያኔ በብሪታንያ የሚጫወቱባት ኳስ ስፋቷ 1.62 ኢንች ነበረች፤ አሜሪካ ውስጥ የለመዳት 1.68 ኢንች ናት። ሣሩ ሌላ፣ መሬቱ ሌላ፣ ነፋሱ ሌላ። የዓለም አንደኛ የተባለው ሰው በአገሩ ያማረለትን ምት ማማርን ትቶ፣ በትንሿ ኳስ፣ በደረቁ መሬት፣ ከባሕር በሚመጣው ብርድ እንደ አዲስ ተማሪ ተለማመደ። አራቱ ቀሪ ቁጥሮች ለራሳቸው ይናገራሉ፤ 73፣ 71፣ 70፣ 68። በየዙሩ እየተሻለ ሄዶ በአራት ምት ልዩነት አሸነፈ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀረናል፤ የአስተማሪው ጉዳይ። ከላይ ያልነው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ጥሩ ትምህርት የሚሰጥ የጎልፍ አስተማሪ ተማሪው ተከፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መጥፎ ትምህርት የሚሰጠው ግን ሃምሳ ኳስ በአንድ ዱላ አስመትቶ፣ ሃያኛዋ ላይ «ጎበዝ!» ብሎ፣ ደስ ብሎት ይልከዋል። ተማሪው የሚመለሰው ወደ የትኛው ነው? የሚከፍለውስ ለየትኛው ነው? የቅኔ መምህሩ በዚህ በኩል ነፃ ነው፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ነው፤ እንዳይከፋው ብሎ የሚያባብለው ነገር የለም፤ ያልሆነውን አልሆነም ይለዋል። በሰዓት የሚከፈለው አስተማሪ ግን እንጀራው በተማሪው ፈገግታ ላይ ነው። እውነቱን ቢሠራ ደንበኛውን ያጣል፤ ደንበኛውን ቢይዝ እውነቱን ያጣል። እውነተኛ ሁን ብሎ መምከር ለእኛ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይ የምንከፍለው እኛ አይደለንምና።

ከጓደኞቻችን ጋር ስንወያይበት የቀረበው አንድ መላ ይህ ነው። አስተማሪው ለደንበኛው አስቀድሞ ይንገረው፤ «ዛሬ ውጤትህ ያስጠላል፤ የምንቆጥረው ግን የዛሬውን አይደለም።» አሥር ኳስ ለአሥር የተለያየ ዒላማ፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ያስመታውና ቁጥሩን ይጻፍ። ትምህርቱን ያስተምር። በሳምንቱ፣ ተማሪው ገና ከመኪናው እንደወረደ፣ ሳያሟሙቅና ሳይለማመድ፣ ያንኑ አሥር ያስመታው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደውም ተማሪው ይሁን።